አንድ ስካነር ለመላው ቤት

የዛሬው ዝግጅታችን የሚነሣው ከአዲስ አበባው ልደታ ነው። ጉዳዩ ደግሞ በአንድ ቤት ውስጥ ያለን አንድ ስካነር የቤቱ ሰው ሁሉ እንዴት በጋራ እንደሚጠቀምበት ነው።

ልደታ ወረቀት የሚበዛበት ሰፈር ነው። የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ችሎት እዚያ ስለሚገኝ ማመልከቻ ጸሐፊዎችና ፎቶኮፒ ቤቶች ዙሪያውን ይዘዋል። ባለጉዳይ ማስረጃውን በፌስታል ይዞ ይመጣል፤ አቤቱታውን ያስጽፋል፣ ሰነዱን ኮፒ ያስደርጋል፣ ሲያበቃም «ስካን አድርግና በቴሌግራም ላክልኝ» ይላል። ጸሐፊው ወረቀቱን መስታወቱ ላይ አጋድሞ ክዳኑን ይጫናል፤ ብርሃኑ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል። ወረቀቱ ለባለቤቱ ይመለሳል። ምስሉ ግን ብዙ ጊዜ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ይቀራል። ስክሪኑን ቀና ብሎ ያየ ሰው የትናንቱ ደንበኛ መታወቂያ፣ የአንዲት ሴት የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የማያውቀው ሰው የቤት ካርታ ተደርድሮ ይጠብቀዋል።

ይህ የጸሐፊው ክፋት አይደለም። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲሰለፍበት ይውላል፤ ፋይል እየመረጠ የሚያጠፋበት ጊዜ የለውም። ያም ሆኖ የአንድ ቤተሰብ ገመና በማይታወቅ ሰው ኮምፒውተር ላይ ማደሩ ሊያሳስበን ይገባል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን የግል መረጃ የሚሰበስብና የሚያከማች አካል ግዴታ እንዳለበት ደንግጓል። ባለሰነዱም በበኩሉ ማድረግ የሚችለው ነገር አለ፤ ስካነር ቤቱ ካለ ወረቀቱን ከቤት አለማውጣት።

ስካን የሚጠይቀው ጉዳይ ደግሞ እየበዛ ሄዷል። ፓስፖርት በኦንላይን የሚያመለክት ሰው መታወቂያውንና የልደት ምስክር ወረቀቱን ስካን አድርጎ ያያይዛል። ውጭ አገር ትምህርት የሚፈልግ ወጣት ትራንስክሪፕቱን ይልካል። ከባሕር ማዶ ያለ ልጅ ለወላጁ የሰጠው ውክልና ለውልና ማስረጃ ከመቅረቡ በፊት አንዱ ለሌላው ስካኑን ያሳያል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክ መልክ ለተያዘ መዝገብ ሕጋዊ እውቅና ከሰጠ በኋላ ደግሞ በደንብ የተያዘ ስካን የሚኖረው ዋጋ ጨምሯል።

እንግዲህ ለምሳሌ ያህል በልደታ ኮንዶሚኒየም የሚኖር አንድ ቤተሰብ እናስብ። ሳሎን ውስጥ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር አለ፤ ከሥሩ ካኖስካን ላይድ የሚባለው ስስ ስካነር በዩኤስቢ ገመድ ታስሯል። ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጅ የራሷ ላፕቶፕ አላት፤ ታናሽ ወንድሟ ሁሉን ነገር የሚሠራው በስልኩ ነው። አንድ ወረቀት ስካን ማድረግ በተፈለገ ቁጥር «አባዬ፣ አንዴ ኮምፒውተሩን ልቀቅልኝ» ይባላል። አባት የጀመረውን አቋርጦ ይነሣል። ልጅቷ ስካን ታደርግና ፋይሉን በፍላሽ ወደ ላፕቶፗ ትወስዳለች፤ ፍላሹም ከትምህርት ቤት ያመጣውን ቫይረስ ትቶ ይሄዳል። ፍላሽ ካልተገኘ ልጅቷ ፋይሉን ከሳሎኑ ኮምፒውተር በቴሌግራም ለራሷ ትልካለች። ሰነዱ ከሳሎን ወደ መኝታ ክፍል ለመድረስ የውጭ አገር ሰርቨር ዞሮ ይመጣል ማለት ነው፤ ዳታም ይቆጥራል።

ሦስቱም መሣሪያዎች ግን በአንድ ራውተር ላይ ናቸው። እርስ በርስ ለመነጋገር ኢንተርኔት አያስፈልጋቸውም። ብዙ ሰው ዋይፋይና ኢንተርኔት አንድ ነገር ይመስሉታል፤ አይደሉም። ራውተሩ ለቤቱ መሣሪያዎች የሚያድላቸው አድራሻዎች አብዛኛውን ጊዜ በ192.168 ይጀምራሉ። እነዚህ እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት ለውስጥ መገናኛ ብቻ የተተዉ አድራሻዎች ናቸው። በ2012 ዓ.ም. ክረምት በአገራችን ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ እንኳ፣ ራውተሩ መብራት እስካገኘ ድረስ በእያንዳንዱ ቤት ያለው የውስጥ መስመር ይሠራ ነበር።

ታዲያ ስካነሩን ማጋራት ለምን አስቸጋሪ ሆነ? ፕሪንተርን በዊንዶውስ ለማጋራት አንድ ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ ይበቃል። በዩኤስቢ ለታሰረ ስካነር ግን ዊንዶውስ እንዲህ ያለ ሳጥን የለውም። ምክንያቱ ከሥራው ጠባይ ይመጣል። የፕሪንተር ሥራ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ የተዘጋጀው ገጽ ተልኮ ወረፋውን ይጠብቃል። ስካነር ግን ከኮምፒውተሩ ጋር እየተመላለሰ መነጋገር አለበት። ኮምፒውተሩ «በቀለም ነው ወይስ በግራጫ? ምን ያህል ደቃቅ ይሁን? ከገጹ የቱ ክፍል ይወሰድ?» የሚለውን ይወስንና ያዛል፤ ስካነሩም ራሱን እያንቀሳቀሰ ምስሉን ስንጥር በስንጥር ይመልሳል። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ትዌይን የተባለው የስካነር ስምምነት የተሠራው ስካነሩ እዚያው በተመሳሳዩ ኮምፒውተር ላይ እንደታሰረ ታስቦ ነበር። የዛሬው ችግር ከዚያ ዘመን የተወረሰ ነው።

መውጫው ከአንድ በላይ ነው። ቀላሉን በአጭሩ እንለፈው፤ በሳሎኑ ኮምፒውተር ላይ አንድ ፎልደር ተከፍቶ በቤቱ ኔትዎርክ ይጋራል፣ ስካነሩም የሚያነሳውን ሁሉ እዚያ ውስጥ እንዲያስቀምጥ ይደረጋል። ልጅቷ ወረቀቱን አስቀምጣ ስካነሩ ላይ ያለውን ቁልፍ ከተጫነች ፋይሉን ላፕቶፗ ላይ ሆና ታነሳዋለች። ፍላሽ ቀረ፣ ቴሌግራምም ቀረ። ይህ ለብዙ ቤት ይበቃል፤ ነገር ግን አባት ከኮምፒውተሩ መነሣቱ ቢቀር እንኳ ኮምፒውተሩ መከፈቱ አይቀርም፣ የምስሉም አመራረጥ በልጅቷ እጅ አይሆንም።

አዲስ መሣሪያ የሚገዛ ሰው ደግሞ ስካን፣ ኮፒና ፕሪንት አንድ ላይ የሚሠራና ዋይፋይ ያለው መሣሪያ ቢመርጥ ነገሩ ሁሉ ይቀለዋል። ኤርስካን የሚል ስም ካለበት ስልኩም፣ ማክ ኮምፒውተሩም፣ ሊኑክሱም ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ያገኙታል። ዋጋው ግን ቤት ያለውን ስካነር ጥሎ ለመግዛት የሚያስደፍር አይደለም።

ሰፋ አድርገን ልናየው የሚገባው ሦስተኛው መንገድ ነው፤ ያረጀ ኮምፒውተርን የስካነር አሳዳሪ ማድረግ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዴቪድ ሞስበርገርና ባልደረቦቹ ሴን የተባለ ነጻ ሶፍትዌር ለሊኑክስና ለመሰሎቹ ሠሩ። ትልቁ ብልሃታቸው ሥራውን ለሁለት መክፈላቸው ነው። አንዱ ክፍል ስካነሩን ያንቀሳቅሳል፤ ሌላው ሰው የሚያየውን መስኮት ያሳያል። ሁለቱ የግድ በአንድ ኮምፒውተር ላይ መሆን አያስፈልጋቸውም። በመካከላቸው የኔትዎርክ ገመድ ወይም ዋይፋይ ሊገባ ይችላል።

አሠራሩ እንደ መዝገብ ቤት ነው። ባለጉዳዩ በመስኮት ጥያቄውን ይሰጣል፤ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ውስጥ ገብቶ ፋይሉን አንሥቶ ያመጣል፤ ባለጉዳዩ መደርደሪያው ጋ አይደርስም። በሴን ውስጥ ይህ ሠራተኛ በእንግሊዝኛ ፊደል ኤስ፣ ኤ፣ ኤን፣ ኢ፣ ዲ ተብሎ የሚጻፈው ፕሮግራም ነው፤ ሴንዲ እንበለው። የሚቀመጥበት መስኮት ቁጥሩ 6566 ነው።

ወደ ሥራው እንግባ። ዊንዶውስ የከበደው አሮጌ ላፕቶፕ ይገኛል፤ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ቢሆንም ግድ የለም። ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን የተባለ የሊኑክስ ዓይነት ይጫንበታል። ከዚያ ሴን ዩቲልስ የሚባለው ጥቅል ይጨመራል። ስካነሩ ታስሮ ስካንኢሜጅ የሚለው ትእዛዝ ከትልቁ ኤል ፊደል ጋር ሲሰጥ፣ ኮምፒውተሩ ያያቸውን ስካነሮች ስም ይዘረዝራል። ስሙ ከወጣ ግማሹ መንገድ ተሄደ ማለት ነው። ካልወጣ መጀመሪያ ገመዱን መቀየር ይሻላል፤ ከዚያ የስካነሩን ሞዴል ሴን ከሚያውቃቸው መሣሪያዎች ዝርዝር ጋር ማስተያየት ነው። ከካኖን ስካነሮች መካከል ላይድ 110፣ 120፣ 210 እና 220 ይሠራሉ፤ አዲሶቹ 300 እና 400ም እንዲሁ። እጅግ ያረጁት ላይድ 20 እና 30 ሳይቀሩ ዝርዝሩ ውስጥ አሉ። አምራቹ ለአዲሱ ዊንዶውስ ድራይቨር ያልሠራላቸው፣ «ተበላሽቷል» ተብለው ቁም ሳጥን አናት ላይ የተቀመጡ ስካነሮች በዚህ መንገድ ነፍስ ይዘራሉ።

ቀጥሎ የሴንዲ ማስተካከያ ፋይል ይከፈትና እንዲገቡ የተፈቀደላቸው መሣሪያዎች አድራሻ በየመስመሩ ይጻፋል። በልጅቷ ላፕቶፕም ሊኑክስ ካለ፣ ኔት በሚባለው ማስተካከያ ፋይል ውስጥ የአሳዳሪው ኮምፒውተር አድራሻ ይጻፋል። ከዚያ በኋላ ስካን ማድረጊያውን ስትከፍት ሳሎን ያለው ስካነር ከራሷ ጋር እንደታሰረ ሆኖ ይታያታል። ዊንዶውስ ላይ ላለ ሰውና ለስልክ ደግሞ ስካንሰርቭ ጄኤስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። አሳዳሪው ላይ ከተጫነ ስካነሩ እንደ ማንኛውም ድረ ገጽ በብራውዘር ይከፈታል። ታናሽ ወንድሟ በስልኩ ከፍቶ «ስካን» የሚለውን ይነካል፤ ፒዲኤፉ ስልኩ ላይ ይወርዳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት አንድ ነገር አለ። በአሳዳሪው ላይ በዋናው አስተዳዳሪ ስም ሲሞከር ስካነሩ ይታያል፤ ከሌላ ክፍል ሲሞከር ግን «ስካነር የለም» ይላል። ሰው ስካነሩን ይነቅላል፣ ይሰካል፣ ሶፍትዌሩን እንደገና ይጭናል። ጥፋቱ ያለው ግን ፈቃድ ላይ ነው። ሴንዲ የሚሠራው በራሱ ስም ነው፤ ያ ስም ስካነር በሚባለው ቡድን ውስጥ ካልተመዘገበ መሣሪያውን መንካት አይችልም። አንድ መስመር ትእዛዝ ያስተካክለዋል። ሌላው የተለመደ ችግር ራውተሩ ለአሳዳሪው ኮምፒውተር ዛሬ አንድ አድራሻ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሌላ አድራሻ መስጠቱ ነው። ለዚህ ራውተሩ ውስጥ ተገብቶ ለዚያ ኮምፒውተር ቋሚ አድራሻ ይያዝለታል። ደግሞም ስካነሩ በአንድ ጊዜ የሚያገለግለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ «ሥራ ላይ ነው» የሚል መልእክት ሲመጣ ጥቂት መታገሥ እንጂ ገመድ መንቀል አያስፈልግም።

የመብራት ጉዳይም አለ። የላይድ ስካነሮች ኃይል የሚያገኙት ከዩኤስቢው ነው፤ ሶኬት አይፈልጉም። አሳዳሪው ላፕቶፕ ከሆነና ባትሪው ደህና ከሆነ መብራት ሲጠፋ ሁለቱ መሥራታቸውን ይቀጥላሉ። የሚሞተው ራውተሩ ነው። ለራውተር የምትሆን ትንሽ የኃይል ማቆያ ካለች ግን የቤቱ ኔትዎርክ ጨለማውን ያልፋል። በኮንዶሚኒየም ውስጥ የብሎኬቱ ግድግዳና የኮንክሪቱ ወለል የዋይፋይን ጉልበት ስለሚቀንሱት አሳዳሪውን ከራውተሩ ጋር በኔትዎርክ ገመድ ማሰር ይመረጣል።

የሚነሣው ምስል መጠንም በቁጥር ቢታይ ይሻላል። አንድ ኤ4 ገጽ በ300 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሆኖ፣ ሲነሣ ወርዱ 2480፣ ቁመቱ 3508 ነጥብ ነው፤ በጠቅላላው ወደ 8.7 ሚሊዮን ነጥብ። በቀለም ከሆነ ሳይታመቅ ወደ 26 ሜጋባይት፣ በግራጫ 8.7 ሜጋባይት፣ በጥቁርና ነጭ ብቻ ከሆነ 1.1 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። ወደ 600 ዲፒአይ ከፍ ሲል ሁሉም አራት እጥፍ ይሆናሉ። የመጀመሪያው የኮምፒውተር ስካነር ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ያስደንቃል። እ.ኤ.አ. በ1957 አሜሪካዊው ራስል ኪርሽ ስካን ያደረገው የሦስት ወር ሕፃን ልጁን ፎቶ ነበር፤ ምስሉ 176 በ176 ነጥብ፣ በድምሩ 30,976 ነጥብ ብቻ ነበረው።

ለአማርኛ ሰነድ ከ300 ዲፒአይ በታች መውረድ አይመከርም። ፊደላችን ድምፁን የሚለየው በትንንሽ ቅጥያዎች ነው። በ«በ» እና በ«ቡ» መካከል ያለው ልዩነት ጎኑ ላይ ያለች አንዲት ሰረዝ ናት፤ «ቢ» እና «ቤ»ን የሚለያቸውም እግራቸው ሥር ያለው ነገር ነው። በ150 ዲፒአይ በጥቁርና ነጭ የተነሣ የድሮ የታይፕ ጽሑፍ እነዚህን ይውጣቸዋል። ምስሉን ወደ ጽሑፍ የሚለውጠው ቴሰራክት የተባለው ነጻ ፕሮግራም አማርኛን ያነባል፤ ነገር ግን የተበላሸ ምስል ከሰጡት የተበላሸ ቃል ይመልሳል። ማኅተምና ፊርማ ያለበት ሰነድ በቀለም፣ ተራ ጽሑፍ በግራጫ ቢነሣ ጥሩ ነው። ለዲቪ ፎቶን ስካን ለሚያደርጉ ደግሞ መመሪያው ለዓመታት ሲጠይቅ የኖረው 2 ኢንች በ2 ኢንች የሆነ ፎቶ በ300 ዲፒአይ እንዲነሣ ነው፤ ውጤቱም 600 በ600 ነጥብ ይሆናል።

አሁን ወደ ጥንቃቄው እንምጣ፤ የሰፈሩ ኑሮ እዚህ ላይ ይገባልና። በኮንዶሚኒየም አንድ ፎቅ ላይ ያሉ ጎረቤቶች አንድ የዋይፋይ መስመር አስገብተው ክፍያውን መካፈላቸው የተለመደ ነው። ደግ ነገር ነው፤ ወጪ ይቀንሳል። ነገር ግን በአንድ ራውተር ላይ ያለ ሰው ሁሉ በአንድ ግቢ ውስጥ እንዳለ ይቆጠራል። ሴንዲ ሲጫን እንደመጣ ከተተወ የሚያጣራው የመሣሪያውን አድራሻ ብቻ ነው፤ በመስመሩ የሚያልፈውንም ምስል አያመሰጥረውም። ስለዚህ በፈቃድ ፋይሉ ላይ «ሁሉም ይግባ» ብሎ መጻፍ አይገባም፤ የቤተሰቡ መሣሪያዎች አድራሻ አንድ በአንድ ይጻፍ። ከተቻለ ለጎረቤት የእንግዳ ኔትዎርክ መክፈትና የቤቱን መለየት ይበልጣል። የራውተሩ መክፈቻም ከፋብሪካ እንደመጣ ሊቀመጥ አይገባም። ስካነሩን ከውጭ አገር ሆኖ ለመጠቀም ብሎ የሴንዲን መስኮት፣ 6566ን፣ ወደ ኢንተርኔት መክፈት ደግሞ በፍጹም መደረግ የለበትም።

ከሁሉ የሚረሳው ግን ወረቀቱ ራሱ ነው። አንድ ሰው ፓስፖርቱን ስካን አድርጎ መስታወቱ ላይ ትቶት ቢሄድ፣ ኔትዎርኩ ላይ ያለ ማንም ክዳኑን ሳይነካ ከሌላ ክፍል ሆኖ ሊያነሣው ይችላል። ስካነሩ የጋራ ከሆነ በኋላ ሥራው የሚያልቀው ምስሉ ሲደርስ ሳይሆን ወረቀቱ ከመስታወቱ ሲነሣ ነው።

ይህ ሁሉ ከተዘጋጀ በኋላ ቤተሰቡ ከምን ይጀምር? ከሚጠፋው። የባንክ ማሽንና የሱቅ ደረሰኝ የሚታተምበት በሙቀት የሚጠቁር ወረቀት በጥቂት ዓመት ውስጥ ይነጣል፤ የድሮ የፋክስ ወረቀትም እንዲሁ። በካርቦን የተገለበጠ የቀበሌ ደብዳቤ ይደበዝዛል። እነዚህ ይቅደሙ። ካርታ፣ ውል፣ የትምህርት ማስረጃ ይከተሉ።

የብራና መጽሐፍ በቤቱ ያለ ሰው ግን ስካነሩ ላይ እንዳያደርገው አደራ። የአያት ዳዊት መስታወት ላይ ተገልብጦ ክዳን ሲጫነው ስፌቱ ይላቀቃል፣ ቀለሙም ይፈገፈጋል። እንዲህ ያለውን በትራስ ላይ ግማሽ ከፍቶ፣ በቀን ብርሃን፣ ከላይ በካሜራ ማንሣት ነው የሚሻለው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍትን ቅጂ ያተረፈልን በካሜራ ነው። ፊልሞቹ ከሚገኙበት ከአሜሪካው ሚኒሶታ ሆነው ዶክተር ጌታቸው ኃይሌ ለአሥርት ዓመታት ዝርዝራቸውን ሲያዘጋጁ ኖረዋል።

ፋይሎቹን ስም ስንሰጥ ደግሞ ዓመቱ ይቅደም፤ ቀጥሎ የሰነዱ ባለቤትና ዓይነት። ኮምፒውተሩ የሚመዘግበው የፈረንጅ ቀን ስለሆነ የኢትዮጵያን ዓመት የጻፈ ሰው «ዓ.ም.» ብሎ ይጨምርበት፤ አለበለዚያ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይምታታል። ከዚያ የአሳዳሪው ኮምፒውተር ዲስክ አንድ ቀን እንደሚበላሽ ታስቦ ሁለተኛ ቅጂ በውጫዊ ዲስክ ይያዝ። ዲስኩ መቆለፊያ ቃል ይደረግለትና እዚያው ሳሎን ሳይሆን አያት ቤት ወይም እኅት ቤት ይቀመጥ፤ በየበዓሉ ለጥየቃ ሲኬድም አዲሶቹ ፋይሎች ይጨመሩበት።